ክሩን መግደል

በእኛ ቤት ሥጋ ክር አለው። ክር የምንለው በሥጋው ላይ በቁመቱ የሚሄደውን፣ የተፈተለ ጥጥ ጎን ለጎን የተኛ የሚመስለውን ቀጭን መስመር ነው። ሌላው ሰው ምን እንደሚለው ጠይቄ አላውቅም። ታላቅ እህቴ ክር ይሉታል፤ እኔም ከእሳቸው እንደሰማሁት እላለሁ።

እትዬ የሚኖሩት ዳንግላ ነው። እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስደርስ በወላጆቼ አገር ትምህርት ቤት አልነበረምና እሳቸው ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ በጣም ይበልጡኛል። ከእህት ይልቅ ወደ እናት ይጠጉ ስለ ነበር እስከ ዛሬ እርስዎ እላቸዋለሁ። ውሎዬ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ መልስ ጓዳ ነበር። ጓዳ ውስጥ ደግሞ እትዬ ከሌላው ሥራ ሁሉ አብልጠው የሚያስተምሩት ሥጋ መዘልዘልን ነው።

ቋንጣ የሚሆን ሥጋ ሲዘለዘል ካራው የክሩን መንገድ ይከተላል። ጫፍ ሲደርስ ቆርጦ አይወጣም፤ ጥቂት አስቀርቶ ይመለሳል። ሥጋው ይገለበጥና ካራው በሌላው በኩል እንደገና ይወርዳል። እንዲህ ሲመላለስ አንድ ጉማጅ ሥጋ ሳይበጠስ እንደ ረጅም መቀነት ይዘረጋል። የእትዬ ዝልዝል ገመድ ላይ ሲሰጣ ከወዲያኛው ግድግዳ ተነሥቶ ከወዲህኛው ይደርሳል እየተባለ ይወራ ነበር። ይህ ማጋነን ነው። ግን ጎረቤቶች እንዲያ ሲሉ እሳቸው አያርሟቸውም ነበር።

የእኔ ይበጠሳል። ካራው ዘንበል ይልብኝና ክሩን ያቋርጠዋል። ያን ጊዜ እትዬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣

«ገደልሽው!» ይላሉ።

«ምኑን?»

«ክሩን ነዋ! ይህ በሬ ዛሬ ሁለተኛ ታረደ።»

ጓዳው በሳቅ ይሞላል። እየቆየ ለድግስ ሥጋ ሥራ የሚሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ ስሜን ትተው ክር ገዳይ ይሉኝ ጀመር። «ክር ገዳይ፣ ሞረዱን አቀብይን።» «ክር ገዳይ፣ ከዚያ ራቅ በይ፣ ይህ የሙሽራ ሥጋ ነው።» ብዙም አልከፋኝ። ትምህርቴን ስጨርስ እጄም ተምሮ ነበር። አግብቼ ወደ እንጅባራ ስመጣ የእኔም ዝልዝል ሳይበጠስ ገመድ ላይ ይወጣ ነበር። ስሙ ዳንግላ ቀረ።

ይህን ሁሉ ያስቀደምሁት ስለ አንዲት ድመት ለመናገር ብዬ ነው።

በፋሲካ ማግስት ሁላችንም እትዬ ቤት እንውላለን። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔና ባለቤቴ። ካቻምና እንደ ልማዳችን ተሰብስበን፣ ማዕድ ቀርቦ፣ ሁሉም ሲጎርስ የእትዬ እጅ ከአይብና ከጎመኑ አልፎ አልሄደም። ባለቤቴ አየና ከቅቅሉ መርጦ ሊያጎርሳቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ፣ ሥጋ ትቻለሁ» አሉት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ።»

የንስሐ አባታቸው ቤቱን ሊባርኩ መጥተው ነበርና ይህ ትልቅ ጸጋ መሆኑን ተናገሩ። የእትዬ ዕድሜ ላይ ደርሶ ሆዱን ያሸነፈ ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ ረዘም አድርገው አስረዱ። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔም አመንሁ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚተወው ነገር ብዙ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፤ ዳንግላ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት።

«አክስቴ፣ ድመታችንን ያስታውሷታል?»

«ምን ሆነች?»

«በግ አከለች።»

«አርግዛ ይሆናል።»

«ምንም አላረገዘችም። እማ ናት የምትቀልባት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እትዬ ማንም የሌለ በመሰላቸው ጊዜ ከድስቱ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ያወጣሉ። ያኝካሉ፣ ያኝካሉ፣ ወደ ሌላው ጉንጫቸው ያዞራሉ። አልዋጥ ሲላቸው በሶፍት ተቀብለው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በኋላ ለድመቷ ይሰጧታል። ድመቷም ጊዜውን አጥንታለች፤ ከወንበሩ ሥር አትጠፋም።

«ትቻለሁ ብለው አልነበረም?» አልሁ።

«ጥርሷ ነው እንጂ የተዋት እሷማ መች ተወች?»

«ባሕር ዳር ያሠራችሁላቸው ጥርስስ?»

«ኩባያ ውስጥ ነው የሚኖረው። አፌን የሰው አፍ አደረገብኝ ትላለች።»

«ታዲያ ፈጭተሽ አትሰጫቸውም?»

«ሰጠኋት እኮ! ለማን ነው ይህ አለችኝ። ለአንቺ አልኋት። የታኘከ ልታበይኝ ነው? እኔ ሥጋ ተውሁ እንጂ አላቃተኝም ብላ ሳህኑን ገፋችው። አክስቴ፣ እንዳይነግሩብኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። እትዬን አውቃቸዋለሁ። በራሳቸው ማዕድ ላይ ይህ ጠንክሯል፣ ያ ጨው በዝቶበታል፣ ይህን የቆረጠው ማን ነው ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። አልቻልሁም ከማለት ተውሁ ማለት ይቀልላቸዋል። አሁን ደግሞ ጸጋ ተብሎ ስለ ተመሰገኑበት መመለሻው ጠፍቷቸዋል። በገዛ ማዕዳቸው ላይ ሌላው የሚበላውን በልተው፣ ማንም ሳያዝንላቸው፣ ማንም ሳይፈጭላቸው ቢጠግቡ ወደድሁ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላወቅሁም።

ያወቅሁት በገና ነው፤ እሱም እጄን በመታመሜ። የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት የእንጅባራ ውርጭ ያረጠበው የደጃፍ ድንጋይ አንሸራተተኝና ቀኝ አንጓዬ ላይ ወደቅሁ። ወጌሻ አሽቶ አሰረው። በማግስቱ በበዓሉ ጠዋት ባለቤቴ ከቅርጫው የደረሰንን ሥጋ ተሸክሞ ሲመጣ እኔ እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የጠበቅሁት። በመደባችን ውስጥ ከኋላ እግር የሚወጣው፣ ታላቅ የሚባለው ሥጋ ነበረበት፤ አጥንት የሌለው ደህና ጉማጅ።

«ይህን አንተ ዘልዝለው» አልሁት።

«እኔ የምሰነጥቀው ቀርከሃ ነው።» ባለቤቴ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል።

«እንግዲያ እንዳለ ይቀቀላል።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

ትልቁን ድስት ጣድን። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ጨመርሁ። እሳቱን አሳንሼ ሹካ እስኪገባለት ድረስ ተውሁት። ሲወጣ መልኩ ያምር ነበር። በግራ እጄ ካራ ይዤ፣ እሱ በሹካ ደግፎልኝ፣ እንደ ለመድሁት ክሩን ተከትዬ ቆረጥሁት። ረጃጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ደስ የሚል ቁራጭ ወጣ። ለእሱ አቀረብሁ።

ባለቤቴ ማኘክ ጀመረ።

«እንዴት ነው?»

ያኝካል።

«አንተ፣ እንዴት ነው?»

እጁን አንሥቶ ቆይ አለኝ። ውጭውን እያየ ሲያኝክ ቆየ። በመጨረሻ በውኃ አወረደው።

«አንቺ ሴት» አለ፣ «ይህን ልብላው ወይስ ወንበር ልሥራበት?»

«ምን ሆነ?»

«የሰጠሽኝ የአጥር ማሰሪያ ነው። ቀርከሃን እኮ በቁመቱ የምሰነጥቀው እንዳይበጠስ ብዬ ነው። እንዲበጠስማ ብፈልግ በወርዱ እቆርጠው የለ?»

ለቀልድ ነው ያለው። ብሎት ሲያበቃ እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ ወጡ ዞረ። እኔ ግን ካራውን እንደያዝሁ ቀረሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ክሩን የምከተለው ዝልዝሉ ገመድ ላይ እንዳይበጠስ ነው። ሳህን ላይ የቀረበ ሥጋ የሚሰቀልበት ገመድ የለም። መበጠስ ነው ያለበት፤ ካራው ካልበጠሰው ደግሞ ጥርስ ሊበጥሰው ነው።

ሥጋውን መክተፊያው ላይ አዞርሁት። ካራውን በክሩ ላይ አጋድሜ ሳስቀምጠው እጄ እምቢ አለ። «ገደልሽው» የሚለው የእትዬ ድምፅ ከዳንግላ የመጣ መሰለኝ። ሳብሁት። አንድ ስስ ቁራጭ ወደቀ። ጥርሴን ሳላስነካ በምላሴና በላንቃዬ መካከል ጫን አደረግሁት። ፈረሰ።

«እስቲ ይህን እንካ» አልሁት ባለቤቴን።

«ወንበሩን?»

«እንካ ስልህ።»

ጎረሰ። ማኘኩን ሳላይ አፉ ባዶ ሆነ። መክተፊያውን አየ፣ ካራውን አየ፣ እኔን አየ።

«ይህ ሌላ በሬ ነው» አለ።

ያን ቀን ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የዋልሁት። የእጄ ሕመም ትዝም አላለኝ። የእህቴን ልጅ ምስጢር ለባለቤቴ የነገርሁት ያኔ ነው። ሲሰማ ጭኑን መታ።

«በይ፣ ታላቁን ለታላቅሽ!» አለኝ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በቅበላው ሌላ ጉማጅ ቀቀልሁ፤ አንጓዬ ድኖ ነበር። ግማሹ ድረስ እንደ ተመኘሁት ሆነ። ከግማሹ ወዲያ ቁራጩ እንደገና ገመድ ሆነብኝ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያኝክ በፊቱ አወቅሁበት። ሥጋውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤው ሄድሁ። ለካ ክሩ መንገዱን ለውጦ ኖሯል። አንድ የሚመስለው ጉማጅ ውስጡ ሁለት ነው፤ በመካከላቸው ስስ ነጭ ሽፋን አለ፣ አንዱ ወዲህ ሲተኛ ሌላው ወዲያ ነው የሚተኛው። እኔ ደግሞ እጄ በያዘው አቅጣጫ እየነጎድሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቀቀሌ በፊት በሽፋኑ በኩል ለሁለት እለየዋለሁ። ሥጋ ሲበስል ይሰበሰብና ክሩ አልታይ ይላል፤ ስለዚህ ገና ጥሬውን ሳለ አንዷን ጫፍ ክሩን አቋርጬ ቆረጥ አደርግለታለሁ። በስሎ ሲወጣ ያችን ጫፍ አይቼ ካራዬን ከእሷ ጋር አስተካክላለሁ።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ከድስቱ እንደ ወጣ የቆረጡት ሥጋ ይፈራርሳል፣ ውኃውም ሁሉ መክተፊያው ላይ ይፈስሳል። ቀዝቀዝ ይበል። አዳሩን ከነመረቁ ቀዝቅዞ ካደረ የበለጠ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ እንደ ልብ ማሳሳት ይቻላል። ካራው ረጅም፣ በደንብ የተሳለ ይሁን። መጫን አያስፈልግም፤ ጋደም አድርጎ መሳብ ነው። በተቆረጠው ላይ ቅቤ የተጨመረበት ትኩስ መረቅ ማፍሰስ ነው፣ መልሶ ማብሰል ግን አይደለም።

ጾሙ ገባ። ሥጋ አይነካም፤ ግን ጎመን ስቆርጥ እንኳ ክሩ በየት በኩል ነው እያልሁ እፈልግ ነበር። የሚያሳስበኝ ካራው ሳይሆን እትዬ ነበሩ። ለብቻቸው በትንሽ ሳህን ባቀርብላቸው ይገፉታል። ይብሉ ብዬ ብለምናቸው ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚቀርበው አልሁ። ከዚያ ያለውን አላሰብሁትም።

ለፋሲካ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ወረድን። ካራዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከትቻለሁ።

«ኬላ ላይ ፈትሸው ይህ ምንድን ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ካራ ነው እላለሁ።»

«የእህቴ ጥርስ ነው በያቸው።»

አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ ምኑም ሳይገባት ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅና እኔ ሥጋውን ቀቀልን። ሰኞ ረፋዱ ላይ ከመረቁ አውጥቼ መክተፊያው ላይ ሳስቀምጠው ባለቤቴ የሠራላቸው የቀርከሃ ወንበር ጓዳው በር ላይ ሲንጫጫ ሰማሁ። እትዬ መጥተው ተቀምጠዋል። ሥጋ ተቆርጦ እሳቸው ሳሎን የተቀመጡበት ቀን የለም።

«ካራውን ማን ያዘ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እጅሽ ድኗል?»

«ድኗል።»

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? አጥንት የለው፣ ወጥ አይደል፣ ቋንጣ አይደል።»

«ቅቅል ነው።»

«መሠረት የሚጣልበት ድንጋይ የሚያህል ቅቅል?»

የቆረጥኋትን ጫፍ ፈልጌ ሥጋውን አዞርሁ።

«ኧረ ወዲያ መልሽው! ክሩ እኮ እንዲህ ነው የሚሄደው» አሉ፣ በጣታቸው አየሩ ላይ እያሰመሩ።

«አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ ነው የምታዞሪው?»

«አይቼ ነው።»

ቀስ ብለው፣ «ልትገድይው ነው?» አሉኝ።

«ልገድለው ነው፣ እትዬ።»

የእህቴ ልጅ የድስት ክዳን እንደያዘች ቀረች።

«እሰይ!» አሉ እትዬ። «ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁሽ ለዚህ ኖሯል? በስተርጅና?»

«በገና ነው የጀመራት» አለ ባለቤቴ ከሳሎን። «ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው የደበቅሁላት።»

ካራውን ሳብሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወደቀ፣ ሁለተኛው ላዩ ላይ ተኛ፣ ሦስተኛው ተከተለ። እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። ከላይ ያለውን አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። የተቆረጠው ክር ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ የታጨደ የጤፍ ማሳ ከላይ ሲያዩት የሚመስለውን ይመስላል። በሁለት ጣታቸው ጎተት አደረጉት፤ ለሁለት ተከፈለ።

«ይህማ አይይዝም። ገመድ ላይ እንዴት ሊወጣ ነው?»

«አይወጣም። የሚበላ ነው።»

ቁራጩን ወደ መክተፊያው ሊመልሱ እጃቸው ሲመጣ ሳላስበው፣

«እንግዲያ ጥፋቴን ቀምሰው ይፍረዱብኝ» አልሁ።

«ሥጋ ትቻለሁ ብያለሁ።»

«መፍረድ መብላት አይደለም። ይህን ያህል ሰው ሊበላው ነው፤ ተበላሽቶ እንደሆነ ማን ይነግረኛል?»

አዩኝ። እኔም ካራዬን አየሁ። የእህቴ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ያልተጣደ ድስት ማማሰል ጀመረች። ባለቤቴ ሳሎን ሆኖ ሳል ያዘው፤ ሳል ግን አልነበረም።

እትዬ ጎረሱ።

እንዳላየሁ ሆኜ መቁረጤን ቀጠልሁ። ድመቷ ከወንበሩ ሥር ወጥታ ጭናቸው ትይዩ ቁጢጥ አለች። እውነትም በግ አክላለች። እትዬ አኘኩ። ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዞሩ። ግራ እጃቸው በልማዱ ወደ ሶፍቱ ሄደ፣ አነሣው፣ ወደ አፋቸው ሊወስደው ጀመረና መንገድ ላይ ቆመ። አፋቸው ውስጥ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ውጠውታል። ሶፍቱን ጥቂት ጊዜ አዩት፣ ከዚያ አጥፈው አስቀመጡት።

እኔም መቁረጤን ማቆሜን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ነቀፌታ ሰምቼ አላውቅም።

«አነሰው?»

«አንሶታል። በአንድ ቁራጭ ግን አይፈረድም።» ሌላ አነሡ። «ይህኛው ይሻላል።» ሦስተኛውን ሲያነሡ ምንም አላሉም። አራተኛውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲልኩ መክተፊያው ላይ የተቆረጠ አልነበረም።

«ምን ያስቆምሻል?» አሉኝ። «ግደይው እንጂ!»

የእህቴ ልጅ ድስቷን ትታ እየሳቀች ወጣች። ስትመለስ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነበር። ምን ሆንሽ ብለው እናቷ ሲጠይቋት ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት የሚልጥ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ማዕዱ ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀረበ። ስስ ስሱ ቁራጭ በትሪ ተደርድሮ፣ ቅቤ የገባበት ትኩስ መረቅ ፈስሶበት፣ በጎን አዋዜና ሰናፍጭ። ጥርስ ያላቸውም ከዶሮው ይልቅ ወደ እሱ አዘነበሉ። እትዬ ከሁሉም ጋር እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ይጎርሳሉ። ባለቤቴ ጥቂት ታገሠና አላስችል አለው።

«እትዬ፣ ሥጋ ትተው አልነበረም እንዴ?»

«ትቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ተመለስሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ።»

«አባ ሲመጡ ምን ሊሏቸው ነው?»

«ለአባም ይቀመጥላቸው» አሉ እትዬ። «የእሳቸውም ጥርስ ከእኔ አይሻልም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ ይህን እንዲህ የቆረጠው ማን ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ በአፋቸው ያለውን እስኪውጡ አስጠበቋትና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ክር ገዳይ ናት» አሉ። «ድሮም ስሟ ነው። ጎበዝ ናት።»

ስሙን ዳንግላ የተውሁት መስሎኝ ነበር፤ አልጠፋም ኖሯል። መረቅ ልጨምር ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ከመሄዳችን በፊት እትዬ የተረፈውን ጉማጅ አስወጥተው ካራውን ለልጃቸው አስያዙ። እሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ በሩ ላይ። የእህቴ ልጅም የእሳቸው ተማሪ ናትና እጇ ወደ ለመደው መንገድ ሄደ።

«ተከተልሽው!» ብለው ጮኹ። «ማን ተከተይ አለሽ? አቋርጪው! ኧረ ይህች ልጅ ክር መግደል አታውቅም!»

«እማ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ስገድል የምትቆጪኝ?»

«ያ ለገመድ ነው። ይህ ለአፍ ነው። ሁለቱን መለየት ያቅትሻል?»

ዕድሜያቸውን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ይመስል ነበር አነጋገራቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ባለቤቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ክርኑን ነካሁት።

ክረምቱ ሳይገባ የእህቴ ልጅ ደወለች። እናቷ ደህና ናቸው። እሑድ እሑድ የሚቀቀለውን እሳቸው ራሳቸው ነው አሉ የሚመርጡት፤ ጥሬውን ጫፉን አስቆርጠው ምልክት ያደርጉበታል፣ ይህን ዘዴ ለጎረቤቶቻቸውም የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ከማን እንደ ተማሩት አይናገሩም።

«ድመቷስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከሳች፣ አክስቴ። አይጥ መያዝ ጀምራለች።»

«ደግ» አልሁ።